በርግጫ ልምምድ ስለሚደርስ የጕልበት ሕመም

በነቀምት ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ ስብሰባ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ወባ ወይም ስለ እናቶች ጤና ለመናገር ነበር። ሁለቱም በአንገር ሸለቆ ከባድ ጉዳዮች መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ በእነዚህ ርእሶች ከእኔ የተሻለ መናገር የሚችሉ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስለሆነም ትንሽ መስሎ የሚታየውን፣ በየወሩ በምንሞላው ቅጽ ላይ አንድም ዓምድ ያልተከፈተለትን፣ እኔን ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ ያሳፈረኝን ጉዳይ መርጫለሁ። ይኸውም የእግር ምት በሚለማመዱ ወጣቶች ላይ የሚደርሰው የጕልበት ሕመም ነው።

አንገር ጉቲንን ላላያችኋት ጥቂት ልበል። ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ በምሥራቅ ወለጋ፣ በአንገር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። አንገር ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። በደርግ ዘመን የሰፈራ ጣቢያ የነበረች በመሆኗ በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ በእኔም የምርመራ ክፍል አንዱ ታካሚ «ጅልባ»፣ ሌላው «ጕልበት» እያለ ያንኑ ቦታ በእጁ ያሳየኛል። መሬቷ በቆሎና ሰሊጥ ያበቅላል። ወጣቱ ቀን ሲያርምና ሲሸከም፣ ወይም በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ውሎ፣ ማታ የሚሰበሰብበት ስፍራ ብዙ የለውም። ኳስ ሜዳ አለ፤ ኳስ የማይሆንለት ደግሞ ወደ ቴኳንዶ ይሄዳል።

ይህ ስፖርት ከኮርያ የመጣ ነው። ከኮርያ ጋር ያለን ትውውቅ የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ከዘመተበት ጊዜ የሚጀምር ሲሆን፣ «ቴኳንዶ» የሚለው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ሙሉ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክም ሰሎሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ግራም ክብደት ኢትዮጵያን ወክሎ ቀርቧል። ይህን የምናገረው ለታሪክ ብዬ አይደለም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጕልበቱን ይዞ ሲመጣ በልቡ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቅን፣ የምንሰጠው ምክር ከበራችን ወጥቶ ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ አፈርሁበት ነገር ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 17 ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ወደ እኔ መጣ። የታመመው የግራ ጕልበቱ ነው። «በየትኛው እግርህ ነው የምትመታው?» አልሁት፤ «በቀኜ» አለኝ። ከበስተኋላው ሌሎች ሰዎች ተሰልፈው ስለ ነበር የመልሱን እንግዳነት ቆም ብዬ አላሰብሁበትም። «አንዳንዴ ይነክስብኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል» ሲለኝም ቃሉን ሰማሁ እንጂ አላዳመጥሁም። ጕልበቱን ጫን ጫን አድርጌ ዐየሁና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጽፌ፣ «ይህን ርግጫ ተው፤ ትድናለህ» ብዬ ሸኘሁት።

ልጁ አልተወም። እኔም ዘንድ ተመልሶ አልመጣም። «ተው» ወዳለው ሰው ማን ይመለሳል? ወደ ወጌሻ ሄደ። ወጌሻው በቅቤ አሸው፤ ጐተተው፤ ደግነቱ አጥብቆ አላሰረውም። ስለ ወጌሻ ስንነጋገር መማረር ልማዳችን ነው፤ በጥብቅ ማሰር ያስከተለውን የእግር መበስበስና መቈረጥ ያየ ሰው ቢማረር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ልጁ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ወጌሻው ግማሽ ቀን ያህል አስቀምጦ እንዴት እንደሚመታ፣ መቼ እንደሚያመው፣ ማታ ምን ላይ እንደሚተኛ ጠይቆታል። እኔ የሰጠሁት ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ጓደኞቹ በሞተር ብስክሌት መካከል አስቀምጠው አመጡት። ጕልበቱ ታጥፎ ቀርቷል፤ አይዘረጋም። በመካከሉ ያለው ልም አጥንት ተቀዶ ቍራጩ ተገልብጦ መገጣጠሚያውን እንደ ሽብልቅ ይዞት ነበር። ወደ ነቀምት መላክ ነበረበት፤ ከነቀምትም ወደ አዲስ አበባ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። በእነዚያ ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው የጸጥታ ችግር መንገዱ ይዘጋ እንደ ነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ተከፍቶ እስኪሄድ ሳምንታት አለፉ። ከልም አጥንቱ የውጭው ዳር ብቻ ደም ስለሚያገኝ በጊዜ ከተሰፋ ሊድን የሚችለው ያ ክፍል ነው፤ የዘገየና የተፈጨ ግን ይቈረጣል። የእርሱም ተቈረጠ።

በቀኙ የሚመታ ልጅ ግራው ለምን ታመመ? ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ልጁ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ነው። መልሱን ፍለጋ አንድ ምሽት ወደ ልምምድ ቤታቸው ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ።

አንድ ሰው ወደ ጎን ዞሮ በቀኝ እግሩ ሲመታ ዐይናችን የሚከተለው ቀኙን ነው። የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ግን ያረፈው በግራው ላይ ነው። ዳሌው ይዞራል፤ ጭኑም ከዳሌው ጋር ይዞራል። የቆመው እግር መሬቱን እንደ ያዘ ከቀረ፣ ከላይ የሚዞረውና ከታች የማይዞረው የሚጋጩት ጕልበት ላይ ነው። ጕልበት ደግሞ በመሠረቱ እንደ በር ማጠፊያ ለመታጠፍና ለመዘርጋት የተሠራ መገጣጠሚያ እንጂ እንደ ዳሌ በየአቅጣጫው የሚዞር አይደለም። ታጥፎ ሳለ ጥቂት መዞር ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ግን ይቆለፋል። ያን ጊዜ የሚያጣምመውን ኀይል የሚቀበሉት መካከል ለመካከል የሚሻገሩት ጅማቶችና፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፉት ሁለቱ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ልም አጥንቶች ናቸው። በእናቶቻችን ወፍጮና መጅ መካከል የገባ እህል የሚደቀው መጁ ስለ ከበደ ብቻ አይደለም፤ እየተጫነ ስለሚንቀሳቀስ ነው። የልም አጥንቱም ዕጣ እንደዚያው ነው።

መድኀኒቱ ከመድኀኒት ቤት አይገዛም። ምቱ ከመውጣቱ በፊት የቆመው እግር በጣቶቹ ሥር ዞሮ ተረከዙ ወደሚመታው ነገር ማመልከት አለበት፤ ጕልበቱም ጥቂት እጥፍ ብሎ መቆየት አለበት። በዚያ ምሽት ተረከዛቸውን በትክክል ሲያዞሩ ያየኋቸው ልጆች በእጅ ጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። አሠልጣኙን፣ ልጆቹ «ማስተር» የሚሉትን ሰው፣ ጥፋተኛ ላደርገው አስቤ ጠጋ አልሁ። «ማስተር፣ ስለዚህ ተረከዝ አታስተምሯቸውም እንዴ?» ብለው፣ በትሕትና እጄን ይዞ ወደ ወለሉ አሳየኝ። ወለሉ ያልተለሰነ ሻካራ ሲሚንቶ ነው። «በባዶ እግሩ የዞረ ቆዳው ይላጣል፤ ጫማ ያደረገ ደግሞ ጎማው ይነክስበትና አይዞርም። በየቀኑ እነግራቸዋለሁ፤ እግራቸው ግን ከእኔ ይልቅ ሲሚንቶውን ይሰማል» አለኝ። የአምስት ወር ምሥጢር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተፈታ። እኔ ሰባት ዓመት በዚያች ከተማ ስኖር ወደዚያ ቤት አልገባሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ የዙር ምቶች ልምምድ ወደ ግቢው፣ ወደ ተደለደለው አፈር ወጣ። አፈር ላይ እግር ይዞራል። ክረምት ሲገባ በጭቃው ምክንያት ወደ ቤት መመለሳቸው አልቀረም፤ በእነዚያ ወራት ግን አሠልጣኙ የዙሩን ምት ቍጥር ቀንሶ ወደ ፊት የሚሰነዘሩትን ያበዛል። ፍጹም መፍትሔ አይደለም፤ ሆኖም ገንዘብ አላስወጣም።

ሁለተኛው የሕመም ምንጭ አየር ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ከረጢት የሚመታ እግር ከረጢቱ ያቆመዋል። አየር የሚመታ እግር ግን የሚያቆመው የራሱ የጭን ኋላ ጡንቻ ብቻ ነው፤ ያ ጡንቻ ሲደክም ጕልበቱ ከመጠን በላይ ተዘርግቶ ይገጫል። ይህ ሕመም እንደ መጀመሪያው በቆመው ሳይሆን በሚመታው እግር ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሎሚው በታች ፊት ለፊት፣ ወይም ከጕልበቱ በስተኋላ ይሰማል። ስለዚህ በአየር ላይ ሲመቱ እግሩ ጨርሶ ከመዘርጋቱ በፊት መመለስን መልመድ ያስፈልጋል። ስለ ከረጢቱም አንድ ቃል ልጨምር። ልጆቹ የሚሰቅሉት ከረጢት አሸዋ የተሞላ ነበር። አሸዋ ወደ ታች እየሰረገ ይጠጥርና ከሳምንት በኋላ ድንጋይ መምታት ይሆናል። አሮጌ ጨርቅና ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ በቍጥርም ከሁሉ የሚበዛው፣ ድንገተኛ የሥራ ጭነት ነው። የቀበቶ ፈተና ሲቃረብ በሳምንት ሁለት ቀን ይለማመድ የነበረው ልጅ ስድስት ቀን ይለማመዳል። በዚያው ሳምንት የአረም ወቅት ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ውሏል። ዐቢይ ጾም ከሆነም ስግደቱ አለ። እኛ ስለ ርግጫው ብቻ እንጠይቃለን፤ ጕልበት ግን የተሸከመውን ሁሉ አንድ ላይ ይደምራል። እንዲህ ያለው ሕመም ከሎሚው ሥር ወይም ዙሪያ የሚሰማ ሲሆን፣ ደረጃና ቍልቍለት ሲወርዱ፣ ቁጢጥ ሲሉ፣ እንዲሁም ጕልበትን አጥፎ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ይብሳል። ከአንገር ጉቲን ነቀምት በአውቶቡስ መጥቶ ሲወርድ ለመቆም የተቸገረ ወጣት ብትጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የረዳኝ እርሱ ነው። ሕዝባችን ለሕመም ያለው ቃል ብዙ ነው፤ እኛ ግን ሁሉንም «የጕልበት ሕመም» ብለን በአንድ መስመር እንጽፈዋለን። «ይጠዘጥዘኛል» የሚልና «ይወጋኛል» የሚል አንድ በሽታ የላቸውም። «ይከዳኛል» የሚል ሰው በሚዞርበት ጊዜ ጕልበቱ ከሥሩ የሚሸሽበት ከሆነ፣ የመካከለኛው ጅማት መበጠሱን ልንጠረጥር ይገባል፤ በእርግጥ በሕመም የዛለ የጭን ጡንቻም ይከዳል፤ ስለዚህ «መቼ ነው የከዳህ? ቀጥ ብለህ ስትሄድ ነው ወይስ ስትዞር?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ይነክስብኛል»፣ «ይያዝብኛል» የሚለው ቃል የልም አጥንት መቀደድ ቃል ነው። «ይንቋቋል» የሚል ሰው ሕመምና እብጠት ከሌለው ግን ብዙ ጊዜ ሊያሳስበን አይገባም፤ ልጁን አረጋግቶ መሸኘት ይበቃል። የእኔ ልጅ ትክክለኛውን ቃል ነግሮኝ ነበር።

ታዳጊዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከ10 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ከሎሚው በታች፣ ጅማቱ ከቅልጥም በሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ የሚያም ጉብታ ሲወጣ ወላጆች ይደነግጣሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ኦስጉድና ስዊዘርላንዳዊው ሽላተር ለየብቻቸው የገለጡት ሕመም ነው። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ሳለ ጅማቱ ደጋግሞ ስለሚጐትተው የሚመጣ ሲሆን፣ እድገት ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይተዋል፤ ጉብታው ግን ሊቀር ይችላል። ልጁን ከልምምድ ማባረር አያስፈልግም፤ ዝላዩንና ምቱን መቀነስ፣ ተንበርክኮ መቆየትን ማስቀረት ይበቃል።

ነገር ግን በዚሁ ዕድሜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደብቀው ይመጣሉ፤ ከንግግሬ ሁሉ ይህን ብቻ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። አንደኛው ከዳሌ የሚመጣ ሕመም ነው። ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ልጅ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ልጁ ግን ዳሌዬን ሳይሆን ጕልበቴን አመመኝ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ጕልበቱን አመመኝ ያለ ልጅ ሁሉ በጀርባው ተኝቶ ዳሌው መታየት አለበት። ጭኑ ወደ ሆዱ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚወድቅ፣ ወደ ውስጥ ሲዞርም የሚያመው ከሆነ፣ በእግሩ ሳይረግጥ በዚያው ቀን ይላክ። ሁለተኛው ነቀርሳ ነው። በጕርምስና ዕድሜ የአጥንት ነቀርሳ ከሁሉ የሚያዘወትረው ከጕልበት በላይና በታች ያሉትን የአጥንት ጫፎች ነው። ልጁም ወላጁም «ሲረግጥ ተመቶ ነው» ይላሉ፤ የሚረግጥ ልጅ ሁልጊዜ የሚያመካኝበት ምት አያጣምና። ዕረፍት ላይ ሳለ የሚያም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ በየሳምንቱ የሚጨምርና እብጠት ያለው ሕመም የምት ሕመም አይደለም። ሦስተኛው የመገጣጠሚያ መግል ነው፤ ትኩሳት ያለው፣ ጕልበቱ የሚያቃጥል፣ ጨርሶ የማያስነካ ልጅ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ መገጣጠሚያው ይበላሻል። በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ መገጣጠሚያን እንደሚይዝም አትዘንጉ፤ እርሱ ቀስ ብሎ ያብጣል፤ ቀስ ብሎም ያከሳል።

በልምምድ ላይ በአንድ ጊዜ ለደረሰ ጉዳትስ? «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጕልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ውስጡ ደም ነው፤ የመካከለኛው ጅማት መበጠስ በዚህ መልክ ይመጣል። በማግስቱ ቀስ ብሎ ያበጠ ከሆነ የልም አጥንት ጉዳት ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። የአጥንት መሰበርን በተመለከተ፣ ካናዳ ውስጥ በኦታዋ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዘጋጀ አንድ ደንብ አለ፤ ኤክስሬይ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ሰው እንደ ተጻፈ ያህል ነው። የተጎዳው ሰው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሎሚው ብቻ ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ከጕልበት በታች በውጭ በኩል ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ሲነካ የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ጕልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍ ካቃተው፣ ወይም በደረሰበት ጊዜም በፊታችን ቆሞም አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ፣ ኤክስሬይ ያስፈልገዋል። አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ለቤተሰቡ የነቀምት መንገድ ትራንስፖርት፣ ማደሪያና የጠፋ የሥራ ቀን ማለት ነው፤ ሳያስፈልግ መላክም የራሱ ጉዳት አለው። ኤክስሬይ ጅማትንና ልም አጥንትን እንደማያሳይ ግን ለታካሚው አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አለበለዚያ «ምንም የለብህም ተባልሁ» ብሎ ወደ ልምምዱ ይመለሳል።

ስለ ሕክምናው። በመጀመሪያ መርፌ የሚጠይቁትን ሁሉ አትስሙ። ዳይክሎፌናክ ተወግቶ ማታ የሚረግጥ ልጅ ሕመሙን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ነው ያጠፋው። ስቴሮይድ ጅማት ውስጥ መውጋት ደግሞ ጅማቱን ያዳክማል። በረዶን በተመለከተ፣ «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 በመጽሐፍ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ መርኪን ራሱ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶና ፍጹም ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፏል። እንግዲህ በአንገር ጉቲን ሙቀት በረዶ አጣን ብለን አንዘን፤ በመጀመሪያው ቀን ሕመሙን ለማብረድ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል።

ዋናው ሕክምና ጡንቻ ነው። ለሎሚ ዙሪያ ሕመም የጭን ፊትና የዳሌ ጎን ጡንቻዎችን አንድ ላይ ማጠንከር ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና ነው። ለዚህም ሕንፃና መሣሪያ አያስፈልግም። ጀርባን ከግድግዳ አስደግፎ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ሆኖ 45 ሰከንድ መቆየት፣ አርፎ አምስት ጊዜ መድገም፤ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፤ በጀርባ ተኝቶ ጕልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሣት፤ በኋላም ከዝቅተኛ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ ሲወርዱም ጕልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ መጠበቅ። ሲበረታ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቈርጦ በሁለቱ እግሮች ላይ በማሰር ወደ ጎን መራመድ ይቻላል። ይህ ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት ለውጥ የሚጠብቅ ታካሚ ተስፋ እንዳይቈርጥ ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ከልምምዱስ ይቅር ወይ? አይቅር። ከዜሮ እስከ አሥር ቢመዝነው ሕመሙ ከሦስት የማይበልጥ፣ በማግስቱም ጧት ከትናንቱ ያልባሰ ከሆነ ይቀጥል፤ ምቱን ከራስ ወደ ወገብ ዝቅ ያድርግ፤ ቍጥሩን በግማሽ ይቀንስ። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምር። ስፖርቱን የምንከለክለው ከላይ የጠቀስኋቸው ምልክቶች ሲኖሩ ብቻ ነው። ያን ጊዜም «ተው» ሳይሆን «እስከዚህ ቀን ድረስ ቆይ፤ በዚህ ቀን ተመለስና ልይህ» ማለት ነው። በእኔ ልምድ ቀን የተቀጠረለት ልጅ ይመለሳል።

የመካከለኛው ጅማት ለተበጠሰበት ሰው ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው ያለው ብለን እጃችንን ማጠፍ ልማዳችን ሆኗል። በስዊድን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 121 ወጣቶች በሁለት ተከፈሉ፤ 62ቱ ወዲያው ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ፣ 59ኙ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው ካስፈለገ በኋላ እንዲቀደዱ ተደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 23 ብቻ ሲሆኑ፣ የሁለቱ ቡድኖች የጕልበት ሁኔታ ልዩነት አልታየበትም። የስዊድን የእንቅስቃሴ ሕክምና በእኛ ጤና ጣቢያ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም በነቀምት ሆስፒታል ተራ የሚጠብቅ ወጣት የሚጠብቅበትን ወራት ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ፣ የጭን ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። የተቆለፈ ጕልበት ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ወረፋ አይጠብቅም።

ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በምሥራቅ ወለጋ ከተሞች ሁሉ የእግር ምት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ከየጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ በወር አንድ ምሽት ወደ ልምምድ ቤቱ ሄዶ ቢቀመጥ ምን ይጐድልብናል? ለማስተማር ሳይሆን ወለሉን ለማየት። አሠልጣኙም «ማስተር» መባሉን እኛም ብንልለት አይጎዳንም፤ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ እርሱን ይሰማሉ።

ያ ልጅ አሁን ሙሉ ሰው ሆኗል። ከአዲስ አበባ ተመልሶ ወራት ካለፉት በኋላ ወደ ልምምድ ቤቱ ገባ፤ ዛሬ ጀማሪዎቹን የሚያለማምደው እርሱ ነው። በእጁ ቀጭን በትር ይይዝና የሚመታውን እግር ሳያይ፣ የቆመውን ተረከዝ ብቻ በበትሩ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ይሄዳል። ከሦስት ወር በፊት እናቱ ቡና ጠርተውኝ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በየበርጩማው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ ለእርሱ ከጓዳ ከፍ ያለ ወንበር ወጣለት፤ የግራ ጕልበቱ እስከ መጨረሻ አይታጠፍምና። እናቱ የመጀመሪያውን ሲኒ ሲሰጡኝ፣ «ያኔ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር አይደል?» አሉኝ። «አዎን፣ እናቴ፣ መጥቶ ነበር» አልሁ።